ዛርድኩል ጣቢያ የደረሰው ፍላሽ

ዛርድኩል፣ ማርች 24 ቀን 2011

ለኢንጂነር ማቭዙና
ዱሻንቤ

ያሊ ማዳድ። እንኳን ለናውሩዝ አደረሰሽ። እኛ ዕለቱን ከጣሪያው ላይ በረዶ ስናራግፍ ዋልን፤ በዓል መሆኑ ትዝ ያለን ወደ ማታ ሽርቾያችንን፣ የወተት ሻያችንን፣ ቀድተን ስንቀመጥ ነው። ባለቤቴ ላልበጊም ሰላም ብላሻለች።

ዕቃው ደረሰ ወይ ላልሽው፣ ደርሷል። ሾፌሩ ሚርዞ መኪና እስከሚገባበት አመጣው፤ ከዚያ ወዲህ በአህያ መጣ። ነገር ግን ፖስታው አንዴ ተከፍቶ እንደገና በፕላስተር የታሸገ ነው። ማን ከፈተው? ሚርዞን ብጠይቀው ሳልጨርስ በልጆቹ ማለ። እኔ ደግሞ ማል ሳይሉት የሚምል ሰው ያስፈራኛል።

እንዳልሽው ፍላሹን ኮምፒውተሩ ላይ ሰካሁት፤ አበራሁት። ጥቁር ነው፤ ምንም የለም። እዚያው ትቼዋለሁ።

ያልገባኝ ነገር አለ። የላክሽው መመሪያ ላይ አዲሱ ሲስተም ሲጫን በዲስኩ ያለው ሁሉ ይጠፋል ይላል። ያ ዲስክ የዘጠኝ ዓመት የሐይቁን ከፍታ ይዟል። ማነው እንዲጠፋ የፈለገው? ደግሞስ ይህን ያህል ነገር ስትልኪ ለምን በየማለዳው በምንገናኝበት ሬዲዮ አልነገርሽኝም? አንድ ሰው ነገሩን በድብቅ ሲያደርገው ሌላው ቢጠረጥር አይፈረድበትም።

ለማንኛውም ኮምፒውተሩ ባለፈው የበረዶ ወራት ከሞተ ወዲህ ሥራው አልቆመም። በየማለዳው ወደ መለኪያው ዘንግ ተወርዶ የውሃው ከፍታ ይነበባል፤ በሬዲዮም ይነገራችኋል። ኮምፒውተሩ መሞቱን ሐይቁ አላወቀም።

አክባሪሽ
ኦዲናሾ፣ የዛርድኩል ጣቢያ ኃላፊ


ዱሻንቤ፣ ኤፕሪል 3

የተከበሩ አካ ኦዲናሾ፣

ሰላምታዬ ለእርስዎና ለአፓ ላልበጊም ይድረስ። መልሴ ስለዘገየ ይቅርታ፤ ሚርዞ ወደ ላይ የሚወጣበትን ቀን እየጠበቅሁ ነበር።

ፖስታውን የከፈትኩት እኔ ነኝ። ካሸግሁት በኋላ መመሪያውን ጠረጴዛዬ ላይ ረስቼው አገኘሁት። ሚርዞን ይቅርታ ይጠይቁልኝ። በሬዲዮ ያልነገርኩዎ ሸለቆው ሁሉ ስለሚያዳምጠን ነው። እኔና እርስዎ ስለ አዲስ መሣሪያ ስናወራ የሰማ ሰው ከሐይቁ በታች ያለው ናውዴህ መንደር ገብቶ ሐይቁ ሊሞላ ነው ቢል፣ መንደሩ በዚያው ቀን ፍራሹን ተሸክሞ ይወጣል። የዘጠኝ ዓመቱ ንባብ ቅጂ ደግሞ እዚህ አለን፤ አይጠፋም።

አሁን እኔም ያልገባኝን ልበል። “ጥቁር ነው፤ ምንም የለም” ብለው ጽፈዋል። ያ ኮምፒውተር አሮጌ ነው፤ ነገር ግን ፍላሽ ቢኖረውም ባይኖረውም ሲነሣ አንዴ ይጮኻል፤ ከዚያም ጥቁሩ ላይ ነጭ ቁጥር ይቆጥራል። ይህ ሳይታይ አይቀርም። ባለፈው ማክሰኞ በሬዲዮ ስክሪኑ ላይ የሚያዩትን የመጀመሪያ ቃል ብቻ እንዲያነቡልኝ ለመንኩዎ። ዝም አሉ፤ ከዚያ “ድምፅሽ አይሰማም” ብለው ዘጉብኝ። እኔ ግን የእርስዎን ሳል ሳይቀር እየሰማሁ ነበር።

እንዲህ ያለ አሮጌ ማሽን ካልታዘዘ በቀር ፍላሹን ዞር ብሎ አያየውም፤ የሚያውቀው የገዛ ዲስኩን ብቻ ነው። ስለዚህ ሲጮኽ ወዲያው “ዴል” የሚለውን ቁልፍ ደጋግመው ይጫኑ። ሰማያዊ ገጽ ይከፈታል። እዚያ ማን ቀድሞ እንደሚነሣ የሚዘረዝር ቦታ አለ፤ “ዩኤስቢ” የሚለውን መስመር ከሁሉ በላይ ያውጡትና “ኤፍ 10” ብለው ያጽድቁ። የፊቱን ሶኬት ይተዉት፤ ከኋላ ይሰኩ።

በረዶው መቅለጥ ከመጀመሩ በፊት ማለቅ ስላለበት ነው የምቸኩለው። ለምን ዘንድሮ ለሚለው የቢሮው ዕቅድ ነው ከማለት በቀር የምጨምረው የለኝም።

ማቭዙና


ዛርድኩል፣ ኤፕሪል 14

ለኢንጂነር ማቭዙና፣

ጤናሽ እንዴት ነው? እኛ ደህና ነን፤ ከሳሉ በቀር። ሳሉንም ስለሰማሽልን እናመሰግናለን።

ባልሽው መንገድ ሄድን። ጮኸ፤ ቁጥሩን ቆጠረ፤ ሰማያዊው ገጽ ተከፈተ። “ዩኤስቢ” የሚለው ከታች፣ ከሁሉ መጨረሻ ተቀምጦ ነበር፤ ወደ ላይ አወጣሁት። የፍላሹ መብራት ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረ፤ አንድ ነገር ሊመጣ ነው ብለን ጠበቅን። የመጣው አንድ መስመር ጽሑፍ ነው፤ ከዚያ ቀጥ አለ። ሩሲያኛ ቢሆን እናነበው ነበር፤ ግን እንግሊዝኛ ነው። ፊደል በፊደል ገልብጬ ከዚህ ወረቀት ጀርባ ጽፌልሻለሁ። ፊደሎቹን አንድ በአንድ ስነግረው “ይሄ ስድብ ሳይሆን አይቀርም” አለኝ።

መብራቱ ጠፍቶ ሲመጣ ደግሞ ማሽኑ ያዘዝነውን ሁሉ ረስቶ “ዩኤስቢ” ወደ ታች ተመልሶ አገኘነው፤ ቀኑም 2002 ሆኗል። ሦስቴ አወጣሁት፤ ሦስቴ ወረደ።

አሁን በግልጽ ልጠይቅሽ። የማይሠራ ፍላሽ የላክሽልን እያወቅሽ ነው? “የዛርድኩሉ ሰውዬ ሞክሮ አቃተው” ብሎ ለመጻፍ የሚመች ነገር ይመስላል። ባለፈው መከር አንድ ሰው ካሜራ ይዞ መጥቶ ቤቱን፣ ዘንጉን፣ የሬዲዮውን አንቴና፣ የምንተኛበትን ክፍል ሳይቀር ፎቶ አንሥቶ ሄደ። ሻይ አቀረብንለት፤ ጠጣ፤ ከየት እንደመጣ ሳይነግረን ወረደ። እሱ ማን ነበር? ሊዘጉን ነው?

ይህን በሬዲዮ እንዳትመልሺልኝ።

ኦዲናሾ


ዱሻንቤ፣ ኤፕሪል 25

የተከበሩ አካ ኦዲናሾ፣

በመጀመሪያ ጥፋቴን ልናገር። የገለበጡልኝ መስመር ስድብ አይደለም፤ ግን ስድቡ ለእኔ ቢሆን ይገባኝ ነበር። “ይህ ሲስተም የተሠራው ለአዲስ ዓይነት ማሽን ነው፤ የአንተ ደግሞ የድሮው ነው” ማለቱ ነው። ፍላሹን ሳዘጋጅ የማሽንዎን ዕድሜ ማጣራት ነበረብኝ፤ አላጣራሁም። አውቄ አይደለም። ለድሮው ማሽን የሚሆነውን በሌላ ፍላሽ አዘጋጅቼ፣ እዚህ እንደ እርስዎ ያለ አሮጌ ኮምፒውተር ፈልጌ፣ ሁለቴ አስነሥቼበት ልኬልዎታለሁ።

የሚረሳው ደግሞ በውስጡ ያለችው ሳንቲም የምትመስል ባትሪ ስላለቀች ነው። አዲሷን በወረቀት ጠቅልዬ ከፍላሹ ጋር አድርጌያለሁ። የጎኑን ክዳን ከፍተው አሮጌዋን አውጥተው በቦታዋ ያስገቧት፤ ጽሑፉ ያለበት ፊቷ ወደ ላይ ይሁን።

የሚቀጥለውን ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ ቀደድኩት። በደብዳቤዎ ላይ “ፊደሎቹን አንድ በአንድ ስነግረው” የሚል አለ። ለማን ነው የነገሩት? እዚያ ያላችሁት እርስዎና አፓ ላልበጊም ብቻ ናችሁ። “ስድብ ሳይሆን አይቀርም” ብሎ የመለሰልዎስ ማን ነው? ከዚህ ደብዳቤ በኋላ ያለፈውን የበረዶ ወራት የሬዲዮ ንባብ መዝገብ ተቀምጬ አየሁት። በሬዲዮ አንድ ነገር እንዲያዩ በተጠየቁ ቁጥር ድምፅ አይሰማም ብለው ዘግተዋል፤ ቁጥር ሲናገሩ ግን ሁልጊዜ ይሰማል።

ለአለቃዬ አልነገርኩም። ግን ሳላውቅ ዝም ማለት አልችልም፤ ከሐይቁ በታች ሰው አለ።

ማቭዙና


ዛርድኩል፣ ሜይ 6

ልጄ ማቭዙና፣

ይህን የምጽፍልሽ እኔ ላልበጊም ነኝ። ከዚህ በፊት የደረሱሽንም የጻፍኳቸው እኔ ነኝ። ፊርማው ብቻ የእሱ ነው፤ እሱንም እጁን ይዤ ነው ያስፈረምኩት።

“የመለሰልዎስ ማን ነው” ያልሽውን ሳነብለት ኦዲናሾ የያዘውን ሻይ አስቀመጠ። ከዚያ፣

“አንዲት ቃል ማስተካከል አቅቶሽ ጉድ ሠራሽኝ” አለኝ።

“ራስህ አንብበህ አታርመውም ነበር?” አልኩት።

ይህን ማለት አልነበረብኝም። ተነሥቶ ወጣና ደጃፉ ላይ ተቀመጠ፤ ብርዱ እስኪያስገባው ድረስ አልገባም።

ዓይኑ መድከም የጀመረው ሁለት ዓመት ይሆነዋል። መጀመሪያ ፋኖሱ ዙሪያ ጭጋግ ይታየኛል አለ። ቀጥሎ የዘንጉ ቁጥሮች ተምታቱበት፤ ስድስቱን ስምንት፣ ስምንቱን ዜሮ ይል ጀመር። አሁን ብርሃንና ጨለማ ይለያል፤ እኔንም በእርምጃዬ ያውቀኛል። በየማለዳው ወደ ዘንጉ የምወርደው እኔ ነኝ። አንብቤ መጥቼ እነግረዋለሁ፤ እሱ በሬዲዮ ይነግራችኋል። ኾሮግ ከተማ ወርደህ ሐኪም ይይህ ስለው “የጠፋው ዓይኔ ነው፤ ሬዲዮ የሚፈልገው ደግሞ አፍ ነው” ይለኛል። ይቀልዳል እንጂ ከወረደ በቦታው ሌላ ሰው እንደሚጠብቀው ያስባል። ከዚህ ሌላ ቤት የለንም። አንድ ልጃችን ጉልሶር ናውዴህ ተድራ በአማቶቿ ቤት ናት፤ እዚያ ሄደን እንግዳ ሆነን እንድንኖር አትፈልጊም።

የነገርናችሁ ቁጥሮች ግን እውነተኛ ናቸው። በረዶ እስከ ወገቤ ሆኖ የወረድኩበት ቀን አለ። ይህን ባታምኚኝም ልቀየምሽ አልችልም፤ በስሙ ስጽፍልሽ የከረምኩ ሰው ነኝ።

አሁን ግን ተራው ያንቺ ነው። ባለፈው ደብዳቤ ሊዘጉን ነው ወይ ብለን ጠየቅንሽ። ስለ ፍላሹ መለስሽ፤ ስለ ባትሪው መለስሽ፤ ያቺን ብቻ ዘለልሻት። ሰው የሚዘለው የሚያውቀውን ነው። አዲሱ ፍላሽና ባትሪዋ ከነመጠቅለያቸው መደርደሪያው ላይ ተቀምጠዋል። መልሱ ሳይመጣ አልነካቸውም።

ላልበጊም


ዱሻንቤ፣ ሜይ 15

አፓ ላልበጊም፣

ደብዳቤዎ ሲደርሰኝ ሰው ፊት መክፈት ፈርቼ ቤቴ ይዤው ሄድኩ።

አዎ፣ ዘልዬዋለሁ። ካሜራ ይዞ የመጣው ሰው የተላከው ከእኛ ነው። ዕቅዱ እንዲህ ነው፤ ኮምፒውተሩ በአዲሱ ሲስተም ከሠራ ውሃው ውስጥ ያለው መሣሪያ ከፍታውን ራሱ ለክቶ ለኮምፒውተሩ ይሰጣል፤ ኮምፒውተሩ ለእኛም፣ ናውዴህ ለሚተከለውም ማስጠንቀቂያ ደወል ይልካል። ከዚያ በኋላ ጣቢያው ያለ ሰው ይሠራል ተብሏል። ከዓመቱ መጨረሻ ጀምሮ። አካ ኦዲናሾ ጡረታ ይወጣሉ፤ ቤቱ የመሣሪያ ማስቀመጫ ይሆናል። ፍላሹ እስኪጫን ድረስ እንዳልነግራችሁ ታዝዤ ነበር። ትእዛዝ ነው ብዬ ራሴን አሳመንኩ እንጂ ውሸት መሆኑን አውቅ ነበር። ይቅር በሉኝ።

ይህን ነግሬዎትም ጫኑት ማለቴ አይቀርም። ዘንድሮ ላይኛው በረዶ ብዙ ነው። በቀን አንዴ የሚነበብ ዘንግ ውሃው በአንድ ማለዳና በሚቀጥለው ማለዳ መካከል ምን እንዳደረገ አይነግረንም።

ስለ አካ ኦዲናሾ ዓይን፦ ብሌናቸው ላይ ነጭ ነገር ይታያል? ያማቸዋል ወይስ አያማቸውም? ከታየና ካላመማቸው የዓይን ሞራ ሊሆን ይችላል ብላኛለች ኾሮግ ያለችው የማውቃት ሐኪም፤ እሱ ደግሞ በቀዶ ሕክምና ይነሣል። ሳላያቸው ግን ተስፋ አልሰጥም ብላለች። እኔም አልሰጥም።

ማቭዙና


ዛርድኩል፣ ሜይ 24

ማቭዙና፣

ሰላም ሳልልሽ የምጀምረው ቸኩዬ አይደለም።

ነጭ ነገር አለ፤ አያመውም። አሁን ደግሞ የዓይኑን ነገር ያነሣሽው ልባችንን ለማለዘብ ይሁን ከልብሽ ይሁን ማወቅ አልችልም። እንዲህ ያደረግሽኝ አንቺ ነሽ፤ ድሮ ሰው ሐኪም ጠየቅሁልህ ሲለኝ የማመሰግን ሴት ነበርኩ።

በገዛ ጣቴ ቁልፍ ተጭኜ ራሴን ከቤቴ እንዳስወጣ ነው የምትጠይቂኝ። ኦዲናሾም ሰምቷል። ያለው ይህን ነው፦ “ሐይቁን ሃያ ዓመት አየሁት፤ ፍላሽ ደግሞ ገና ትናንት መጣ። ይጠብቅ።”

ፍላሹን አልመልስም፤ አልሰካምም። ቁጥሩን እንደ ወትሮው በየማለዳው በሬዲዮ ትሰሚያለሽ።

ላልበጊም


ዱሻንቤ፣ ጁን 10

አፓ ላልበጊም፣

እንዴት ናችሁ? ይህን እንደ ሰላምታ አይቁጠሩብኝ፤ ጥያቄ ነው። ምን ሆናችሁ?

ባለፈው ሳምንት ሁለት ቀን በተከታታይ አካ ኦዲናሾ በሬዲዮ የነገሩን ቁጥር ከፊተኛው ቀን ቁጥር ጋር አንድ ነበር። ሐይቅ በዚህ ወር አንድ ቀን እንኳ ባለበት አይቆምም። ድምፃቸውም ልክ አልነበረም፤ ቁጥሩን ተናግረው እኔ ደህና ዋሉ ሳልላቸው ዘጉ። በማግሥቱ ወንዙ የናውዴህን ድልድይ መውሰዱን ከአውራጃው ሰማን። አለቃዬ መዝገቡን አስመጥቶ አየ። “ሐይቁ ጸጥ ብሎ ወንዙ እንዴት ሞላ?” አለኝ። አላውቅም አልኩት። አላውቅም ግን እጠረጥራለሁ፤ የምጠረጥረውንም እርስዎ ያውቁታል። እስከ ወሩ መጨረሻ መልስ ስጪ ብሎኛል።

ልጅዎ ጉልሶር በሕይወት መኖሯን ጠይቄ አረጋግጫለሁ። ቤተሰቧም ደህና ነው። ይህን ሳልጽፍ ሌላውን መጻፍ አልነበረብኝም፤ ግን እጄ ቀድሞ ሄደ።

የዘጠኝ ዓመቱ ንባብ ቅጂ እኛ ዘንድ አለ ስላችሁ እንዳላመናችሁኝ አውቃለሁ። ትናንት ከፍቼ አየሁት። ከአራት ዓመት በፊት በሴፕቴምበር ወር ከአንዱ ቁጥር አጠገብ አካ ኦዲናሾ “ዛሬ ልጄን ዳርኩ፤ ውሃውም ጸጥ ብሎልኛል” ብለው ጽፈዋል። ይህን ከማሽኑ ካልሆነ ከየትም ላገኘው አልችልም። ይንገሯቸው።

አንድ ሌላ ነገር። ጣቢያው ያለ ሰው አይሠራም ብዬ ለአለቃዬ ተናገርኩ። ያለቀች ባትሪ ማን ይቀይራል፣ የፀሐይ መብራቱን ሰሌዳ ከበረዶ ማን ይጠርጋል፣ መሣሪያው ሲዋሽ ማን ያውቅበታል አልኩት። “በጽሑፍ አምጪው” አለኝ። ጻፍኩት። ምን እንደሚወስን አላውቅም፤ ቃልም አልገባላችሁም።

ማቭዙና


ዛርድኩል፣ ጁን 21

ልጄ ማቭዙና፣

ስለ ጉልሶር የጻፍሽውን መስመር ኦዲናሾ ሦስት ጊዜ አስነብቦኛል። በሕይወት መኖሯን ከአንቺ በፊት የነገረን አልነበረም። ፈጣሪ ይስጥሽ።

የሆነውን ልንገርሽ። ከዘንጉ በላይ ያለው ድንጋይ ላይ በረዶ ሟሙቶ መልሶ ረግቶ ነበር፤ ተንሸራትቼ ወደቅሁ። ጉልበቴ አብጦ መቆም አቃተኝ። እየተሳብኩ ቤት ደረስኩ እንጂ ቁጥሩን አላነበብኩም። ለኦዲናሾ ዛሬ ንባብ የለም በላቸው አልኩት። እሱ ግን ለመውረጃ የዘረጋነውን ገመድ ይዞ እየዳሰሰ ወረደ። በሩ ላይ ሆኜ ተመለስ እያልኩ ተጣራሁ፤ እንዳልሰማ ሆነ። እጁን ውሃው ውስጥ ከትቶ ዘንጉን ዳሰሰ። ቁጥሮቹ ግን የተቀቡ ናቸው እንጂ የተቀረጹ አይደሉም፤ በእጅ አይነበቡም። እስከ ክርኑ ርሶ ተመለሰና ሬዲዮውን ከፍቶ የትናንቱን ቁጥር ነገራችሁ። በማግሥቱም ያንኑ።

“ምን አደረግህ?” አልኩት።

“ሃያ ዓመት ስናገር ኖሬ ዛሬ አላውቅም ልበል?” አለኝ።

በሦስተኛው ቀን በዱላ ተደግፌ ስወርድ ውሃው በነገርናችሁ ቁጥር ላይ አንድ ክንድ ጨምሮ ነበር። ሮጬ ልናገር ብል እግር የለኝም። ሬዲዮው ጋ ስደርስ ወንዙ ድልድዩን ወስዶ ጨርሷል። የጉልሶር አማቶች የታችኛው የስንዴ ማሳቸው የለም፤ ላማቸውም የለችም። ሰው አልሞተም፤ ግን እኛ ስለነገርናቸው አይደለም፤ የወንዙን ድምፅ ሰምተው ራሳቸው ሸሽተው ነው። ድልድዩ መሄዱን ኦዲናሾ በሬዲዮ ሲሰማ ማይኩን አስቀመጠ። ለአለቃሽ ይህን እንዳለ ንገሪው። ጻፊው ያለኝ ራሱ ነው፤ አላሳመርኩለትም።

የሠርጉን ቀን ጽሑፍ ሳነብለት ግን ፈገግ አለ። “ይህንን ጽፌ ነበር እንዴ?” አለ። ጥቂት ቆይቶ “ቅጂው አላቸው ማለት ነው” አለ። ከዚያም “ያንን ነገርሽን አምጪውና እንሞክረው” አለኝ።

የኮምፒውተሩን ክዳን ከፈትኩ። አቧራው የአይጥ ጎጆ ያህል ነው። ባትሪዋን በቢላዋ ጫፍ አውጥቼ አዲሷን አስገባሁ። “ዴል” ብዬ ገባሁ፤ ቀኑን አስተካከልኩ፤ “ዩኤስቢ”ን ወደ ላይ አወጣሁት። ከዚያ ሆን ብዬ መብራቱን ነቅዬ መልሼ ሰካሁት፤ አልረሳም። ባትሪ ብለሽ ሌላ ነገር ልከሽልኝ እንዳይሆን ለማየት ነው። አሁንም ሙሉ በሙሉ አምኜሻለሁ ማለት አልችልም፤ ግን ባትሪዋ ባትሪ ናት።

ፍላሹን ከኋላ ሰካሁት። መብራቱ ድርግም ድርግም አለ። ያ የእንግሊዝኛ መስመር አልመጣም። ማሽኑ ግን ዝግ ያለ ነው፤ ዱቄት አቡክቼ፣ የኦሽ ሾርባ ሊጥ ቆርጬ፣ ማሰሮውን ጥጄ ስመለስ ገና እየቆጠረ ነው። ኦዲናሾ አጠገቡ ተቀምጦ ጆሮውን ደግኖ ያዳምጠዋል። “ይተነፍሳል” ይለኛል፤ “አሁን ደግሞ አረፈ”። በመጨረሻ ቋንቋ ምረጡ አለን፤ ሩሲያኛውን መረጥኩ። ቀጥሎ በዲስኩ ላይ ያለው ሁሉ ሊጠፋ ነው፤ ልቀጥል ወይ ብሎ ጠየቀ። ይህን ጮክ ብዬ አነበብኩለት። ኦዲናሾ እጁን ዘርግቶ የማሽኑን ጎን ነካ አደረገው፤ ሊታረድ የተያዘ በግ እንደሚነካ አድርጎ። ከዚያ “ቀጥይ” አለኝ። ቀጠልኩ።

ነገ ሚርዞ ወደ ኾሮግ ይዞት ይወርዳል። ሐኪሟ ምን እንደምትለው አላውቅም፤ አንቺም ተስፋ አልሰጥም ብለሻል፤ እኔም ምንም አልነገርኩትም። እምቢ ይላል ብዬ ነበር፤ ራሱ ጫማውን ፈልጎ ከበሩ አጠገብ አስቀምጦታል። ጣቢያውን ዘጉት አልዘጉት ከእንግዲህ የአለቃሽ ጉዳይ ነው። እስኪወስን ድረስ ግን እኔ እዚሁ ነኝ። መሣሪያው የሚልክልሽን ቁጥር እኔ ዘንጉ ላይ ካነበብኩት ጋር በየቀኑ አስተያያለሁ። ሲዋሽ ካገኘሁት እነግርሻለሁ፤ አንቺም ስትዋሺ።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። ማሽኑ ሊጨርስ ሲል አንድ ባዶ ሣጥን መጥቶ ቆመ። የቁልፉ ድምፅ ሲቆም ኦዲናሾ፣

“ምን ይላል?” አለኝ።

“የሚሠራበትን ሰው ስም ጻፉ ይላል።”

“ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ?”

“ያንተን ልጻፍ?”

ውጭ ነፋሱ አንቴናውን ያንቀጫቅጨዋል። ወደ እኔ ዞሮ፣

“በየማለዳው ወደ ዘንጉ የሚወርደው ማነው?” አለኝ።

“እኔ ነኝ።”

“እንግዲያው ያንቺን ጻፊ። ለዚህ ጣቢያ ሁለት ቀን ዋሽቻለሁ፤ ሦስተኛ አልጨምርም።”

ፊደል በፊደል ጻፍኩት። አንዱን ፊደል ሁለት ጊዜ መትቼ ስለነበር አጥፍቼ እንደገና ጀመርኩ። ኦዲናሾ የቁልፎቹን ድምፅ እያዳመጠ ከንፈሩን ያንቀሳቅስ ነበር፤ ጽፌ ስጨርስ ስሜ ሙሉ መሆኑን ያወቀው በቆጠራው ነው። ራሱን ነቀነቀ፤ እኔም “እሺ” የሚለውን ተጫንኩ።

ላልበጊም
ዛርድኩል ጣቢያ